የተለያየ ትውልድ ዋይፋይ በአንድ ግቢ፦ ከደሴ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፦ ያለንን ማየት

ግቢው ደሴ ነው፣ ሆጤ አካባቢ። ደሴ ደግሞ ሜዳ አትሰጥም። ሦስቱ ቤቶች ተዳፋቱ ላይ እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። ከላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ እህቴ የሰርግ ቪዲዮ የምትሠራበት ስቱዲዮ አለ። መሃል ላይ አያቴ የሚኖሩበት ዋናው ቤት ነው። ከታች ሰርቪሱ፤ አጎቴና ተከራዮቹ እዚያ ናቸው።

ኢንተርኔቱ የሚገባው ዋናው ቤት ሳሎን ነው። ፋይበር ነው፣ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት። «ለ10 ሜጋ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ለኢንተርኔቱ ብቻ ቢሆን አሮጌው ትውልድ፣ ዋይፋይ 4፣ በቅቶ ይተርፋል።

ጉዳዩ የእህቴ ፋይል ነው። አንድ ሰርግ ቀርጻ ስትመለስ 60 ጊጋ ባይት ያህል ይዛ ትመጣለች። ትልልቆቹ ዲስኮች የተሰኩበት ኮምፒዩተር ያለው ሳሎን ነው፤ የደንበኛ ሰርግ የያዘ ዲስክ ስቱዲዮ ውስጥ አያድርም። ኤዲት የምታደርገው ግን ላይ ስቱዲዮው ውስጥ ነው። እስካሁን ፋይሉን የሚያመላልሰው ዲስኩን በፌስታል ይዞ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ነው። ጥር ሲመጣ ሰርጉ ይደራረብና ይሄ ሰው እኔ ነኝ።

ስለዚህ የምለካው ከኢንተርኔት የሚወርደውን ሳይሆን ከሳሎን ስቱዲዮ የሚሄደውን ነው። መለኪያው አይፐርፍ 3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። አንዱን ኮምፒዩተር ሰርቨር፣ ሌላውን ክላየንት ታደርጋለህ፤ በመሃከላቸው ያለው መስመር ስንት እንደሚያሳልፍ ይነግርሃል። የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ እዚህ ምንም አይጠቅምም። 10 ይልሃል፣ በቃ።

እጃችን ላይ ያለው ዕቃ ከየትውልዱ ነው። ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን የራሱ ዋይፋይ አለው፤ ዋይፋይ 4፣ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ብቻ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ሁለት አዳዲስ የሜሽ፣ ማለትም እርስ በርስ በአየር የሚያያዙ፣ ሳጥኖች አሉ፤ ዋይፋይ 6 ናቸው። ከነሱ ጋር በአንድ አፕ የሚሠራ፣ የዚያው ፋብሪካ አሮጌ የዋይፋይ 5 ሳጥን አለ። በመጨረሻም ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ፣ ባለ ሁለት አንቴና የዋይፋይ 4 ራውተር ተገኘ።

እነዚህን ቁጥሮች የዋይፋይ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር የሆነው ዋይፋይ አሊያንስ ያወጣቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሰው 802.11ኤን፣ 802.11ኤሲ እያለ ነበር የሚደናበረው። ኤን የ2009 ነው፣ አሁን 4 ይባላል። ኤሲ የ2013 ነው፣ እሱ 5 ነው። ኤኤክስ ደግሞ 6።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን ግን አትመኑ። በዋይፋይ 6ቱ ካርቶን ላይ 1800 ይላል፤ በሰከንድ ሜጋ ቢት ማለቱ ነው። ይሄ የ2.4 ራዲዮው (ሞገድ የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል) 574 እና የ5 ጊጋ ኸርዙ 1201 ተደምረው፣ ላይ ላይ የተጠጋጋ ነው። አንድ ስልክ ሁለቱን ደምሮ አያገኝም። የአሮጌው 1200 ደግሞ 300 እና 867 ነው። ሌላም ነገር አለ። ዋይፋይ 5 የሚባለው በ5 ጊጋ ኸርዝ ብቻ የሚሠራ ነው። የዚያ ሳጥን የ2.4 ራዲዮ እንግዲህ ዋይፋይ 4 ነው ማለት ነው፣ ካርቶኑ ምንም ቢል።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ስልክ ይዞ መዞር

በስልክ ላይ የዋይፋይ ጉልበት የሚያሳይ አፕ ጭኜ ግቢውን ዞርኩ። ቁጥሩ በዲቢኤም ነው፤ ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ከፋይበር ሳጥኑ አጠገብ -42። በረንዳው ላይ -61። ስቱዲዮው ውስጥ -76። ሰርቪሱ ውስጥ -84፤ እዚያ ስልኩ አለ ለማለት ያህል ብቻ ነው ያለው።

አያቴ ሳጥኑን በዳንቴል ሸፍነውት ነው ያገኘሁት። ከቴሌቪዥኑ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን። ዳንቴል ሞገድ አያግድም፤ ሙቀት ግን ያፍናል። «እማማ፣ ይሄ ዕቃ ይግላል፣ ይተንፍስ» ብዬ ለመንኳቸው። ዳንቴሉ ከሳጥኑ ሥር ተነጠፈ። ተስማምተናል።

የዋናው ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው፣ ወፍራም። ደረቅ ሲሆን ሞገዱን ያዳክመዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው ቆርቆሮ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ወደ ሰርቪሱ የሚያየው ግድግዳ በዝናቡ ምክንያት በቆርቆሮ ተለብጧል። በሩ ላሜራ ነው። መስኮቶቹ የላሜራ መዝጊያ አላቸው። ብረት ሞገዱን መልሶ ያነጥረዋል፤ ትውልዱ 4 ይሁን 6 ለቆርቆሮ ልዩነት የለውም።

የከፍታው ነገርም አለ። የእነዚህ ሳጥኖች አንቴና ጉልበቱን የሚረጨው በብዛት ወደ ጎን ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይደክማል። በእኛ ግቢ ደግሞ ቤቶቹ ጎን ለጎን ሳይሆኑ ከፍና ዝቅ ብለው ነው ያሉት። የውጭ አንቴና ላለው ራውተር አንቴናውን ማዘንበል ይረዳል። አንቴናው ውስጡ ለተቀበረ ሳጥን ግን ያለው አማራጭ ሳጥኑን ከፍ አድርጎ መስቀል ነው።

እሑድ፦ በአየር ብቻ

መጀመሪያ ኬብል ሳንጎትት ምን እንደሚገኝ ለማየት ወሰንኩ። ሜሽ ማለት ሳጥኖቹ እርስ በርሳቸው በአየር እየተያያዙ አንዱ ለሌላው የሚያቀብልበት መረብ ነው። ዋናው ሳጥን ከፋይበሩ ጋር በኬብል ይያያዛል፤ ሌሎቹ ከእሱ ይቀበላሉ።

የፋይበር ሳጥኑን የራሱን ዋይፋይ አጠፋሁት። ከአዲሶቹ አጠገብ ሆኖ በዚያው 2.4 ላይ ሲጮህ ሌሎቹን ብቻ ነው የሚረብሸው። አዲሱን ዋና ሳጥን ደግሞ የአክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ የማሰራጨት፣ ሥራ ብቻ ሰጠሁት፤ አድራሻ የሚያድለው የፋይበር ሳጥኑ ብቻ ይሁን። ሁለቱም አድራሻ ካደሉ አንዱ ከሌላው ጀርባ የተደበቀ ሁለት መረብ ይፈጠራል። ያኔ የሳሎኑ ዲስክ ከስቱዲዮ አይታይም።

አንደኛው አደራደር ይሄ ነበር፦ ሳሎን 6፣ በረንዳ ላይ 5፣ ስቱዲዮ 6። ከሳሎን እስከ ስቱዲዮ 95 ሜጋ ቢት አገኘሁ። 60ው ጊጋ ባይት በዚህ ፍጥነት 84 ደቂቃ ይፈጃል። ቡና አፍልቶ፣ ሦስቱንም ጠጥቶ፣ ሲኒ ታጥቦም አያልቅም።

ሁለተኛው፦ ሳሎን 6፣ በረንዳ 6፣ ስቱዲዮ 5። ወደ 150 ወጣ። የመጀመሪያው ዝላይ፣ ከሳሎን ሳጥን ወደ በረንዳ ሳጥን ያለው፣ 6 ለ6 ስለሆነ ሰፋ። በረንዳው ላይ 5 በነበረ ጊዜ ግን ሁለቱም ዝላዮች በ5 ልክ ነበር የሚነጋገሩት። ሁለት ሳጥኖች የሚግባቡት በአሮጌው አቅም ነው። መሃል ላይ አሮጌ ካስቀመጥክ በግራም በቀኝም ያሉት አዲሶች አዲስነታቸው ዋጋ ያጣል።

ያም ሆኖ 150 ያንሳል። ምክንያቱ ትውልድ አይደለም። እነዚህ ሳጥኖች ለ5 ጊጋ ኸርዝ ያላቸው ራዲዮ አንድ ነው። መሃል ላይ ያለው ሳጥን ከሳሎኑ የተቀበለውን ለስቱዲዮው ለማቀበል ያንኑ ራዲዮ ይጠቀማል። እየሰማ አይናገርም፤ ተራ በተራ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዝላይ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ሦስተኛ ራዲዮ ያላቸው ሳጥኖች በገበያ ላይ አሉ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛው አደራደር፦ የበረንዳውን አነሳሁት። የሳሎኑን 6 ወደ ላይ ወደሚያየው መስኮት አስጠግቼ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። የስቱዲዮውን 6 ደግሞ በትይዩው መስኮት። መሃላቸው አየር ብቻ። 310 ሜጋ ቢት! 60ው ጊጋ በ26 ደቂቃ። አንድ ዝላይ መቀነስ አንድ ትውልድ ከመጨመር ይበልጣል። የዛሬ ውሎዬ ይሄ ነው።

እህቴ «አበሽር!» አለች። ደስታችን እስከ ማታ ቆየ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ፍጥነቱ ወደ 80 ወረደ። ሳጥኑ ታሞ አይደለም። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ሲጀምር አያቴ የላሜራ መስኮቶቹን ይዘጋሉ። ይሄ ልማድ እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው። የእህቴ ፋይል የሚገለበጠው ደግሞ ማታ ነው። «እማማ፣ ለዋይፋይ ሲባል ብርድ ያስገቡ» ማለት አይታሰብም። ስለዚህ ኬብል።

ማክሰኞ፦ ኬብል

ከሳሎን ወደ ስቱዲዮ ድሮ የተዘረጋ ኬብል እንዳለ አጎቴ አስታወሰኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ ያስገባው ነው። ሰካነው፣ መብራቱ በራ፣ ለካነው። 94 ሜጋ ቢት። ይሄ ቁጥር ሲመጣ ወዲያው አንድ ነገር መጠርጠር ነው። የ100 ሜጋ ቢት መስመር በተግባር የሚሰጠው 94 አካባቢ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጫፎች በ100 ተስማምተዋል ማለት ነው።

ጫፉን ስንከፍተው ከስምንቱ ክሮች የተጨመቁት አራቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት አራቱ ተለያይተው ለግቢው በር ደወል ሆነዋል! ብልህነት ነው፣ መቼም። ለ100 ሜጋ አራት ክር ይበቃል። ለጊጋ ቢት ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ።

ደወሉን ለአያቴ መተው ስላለብን አዲስ ኬብል ልገዛ ፒያሳ ወጣሁ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። በርካሽ የሚሸጠው ኬብል ብዙውን ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። መለየቱ ቀላል ነው። የአንዱን ክር ጫፍ በምላጭ ፋቅ ፋቅ ማድረግ። ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ አሉሚኒየም ነው፤ ቀይ ሆኖ ከቀጠለ መዳብ ነው። አሉሚኒየሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ መስመር ላይም መዳከም ያበዛል። ባለ ሱቁ ምላጭ ስጠይቀው ፊቱ ትንሽ ተቀየረ፤ ከዚያ ከውስጥ ሌላ ጥቅልል አወጣልኝ።

ካት 5ኢ የሚባለውን የኬብል ደረጃ ነው የገዛሁት። ለጊጋ ቢት እስከ 100 ሜትር ይበቃል፤ የኛ መንገድ 40 ሜትር አይሞላም። ካት 6 ውድ ነው፣ ወፍራምም ስለሆነ ለመጨመቅ ያስቸግራል። ለዚህ ግቢ ትርፉ አልታየኝም።

የክሮቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ነው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ጥንዶቹ የተጠማዘዙት በምክንያት ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የሚያመጣውን ረብሻ ያጠፋፉታል። ሲጨመቅ የሚፈታው ጥምዝ በጣም አጭር ይሁን።

መንገዱ ላይ ብዙ አሰብኩ። ከመብራት ገመድ ጋር ጎን ለጎን አስሮ መውሰድ ቀላል ነበር፤ ግን አይደረግም። በምናቋርጥበት ቦታ በመስቀለኛ አቋረጥን። የተረፈውን በፕላስቲክ ቱቦ አስገብተን ከመሬት በታች ቀበርነው። ደሴ ክረምት ላይ መብረቅ አይጠፋም። በሁለት ቤቶች መሃል በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል መብረቅ በአቅራቢያው ሲወድቅ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ግፊት ይዞ ይገባና የሁለቱንም ጫፍ ዕቃ ያቃጥላል። መቅበሩ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ፍጹም መፍትሔ የሚሆነው በቤቶቹ መሃል የመስታወት ፋይበር መዘርጋት ነው፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በጀታችን ግን እዚያ አልደረሰም። ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬት መንቀሉ ይቀጥላል።

ቴስተሩ ላይ ስምንቱም መብራት በተራ በራ። ለካነው፦ 941 ሜጋ ቢት። ለጊጋ ቢት መስመር ከዚህ በላይ አይጠበቅም። 60ው ጊጋ ባይት በቀመር 8 ደቂቃ ተኩል ነው። በተግባር ዲስኩ ራሱ ስለሚዘገይ ትንሽ ያልፋል። የላሜራው መስኮት አሁን ይዘጋ፣ ይከፈት፣ ጉዳያችን አይደለም።

ረቡዕ፦ አዲሱ ለሰርቪስ?

ኬብሉ ከገባ በኋላ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ትልቁ ኮምፒዩተር በኬብል ሳጥኑ ላይ ተሰክቷል። ለእሱ የሳጥኑ ዋይፋይ ትውልድ ስንት እንደሆነ ምንም ለውጥ የለውም። ሰርቪሱ ግን አሁንም በአየር ነው የሚቀበለው፤ በዚያ በኩል መቆፈሪያ የለም፣ ድንጋይ ካብ ነው።

ስለዚህ የስቱዲዮውን ዋይፋይ 6 ነቅዬ ለሰርቪሱ ልሰጥ፣ አሮጌውን 5 ለስቱዲዮ ላመጣ ተነሳሁ። እህቴ አልተዋጠላትም። «አዲሱን ለሰርቪስ? ሥራው ያለው እዚህ!» አለች። ነገሩ ከውጭ ሲያዩት ግፍ ይመስላል። ግን አዲሱ ራዲዮ መቀመጥ ያለበት ሁለት ሳጥን በአየር በሚነጋገርበት ቦታ ነው። ኬብል ያገኘው ሳጥን ያረጀ ቢሆን ይችላል። ለላፕቶፗ ቅርብ ለቅርብ የዋይፋይ 5ቱ 867 ከበቂ በላይ ነው።

ለክተን ነው የተማመንነው። ሰርቪሱ ላይ 5 በነበረ ጊዜ ከሳሎን 120 ይደርስ ነበር። 6 ሲሆን 230። ስቱዲዮ ላይ ላፕቶፑ በ5ቱ ሳጥን 480 አገኘ። እህቴ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ እሺ ነው። አጎቴ ደግሞ የድሮ ሰርጎችን ከሳሎኑ ዲስክ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ማየት ጀመሩ። የራሳቸውንም ጭምር።

ሐሙስ፦ ቻናል

2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ሳይነካኩ አብረው የሚሠሩ ቻናሎች (የአየር መስመሮች) 1፣ 6 እና 11 ናቸው፣ ስፋታቸው 20 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን። ሦስት ቤት፣ ሦስት ቻናል። ስቱዲዮ 1፣ ሳሎን 6፣ ሰርቪስ 11። ስፋቱን ወደ 40 ከፍ ማድረግ ያጓጓል፤ ግን ከሦስቱ ሁለቱን ይበላና ጎረቤትም እኛም እንጎዳለን። በአካባቢው 3 እና 9 ላይ የሚሠራ ጎረቤት አይቻለሁ። እሱ በሁለት ወገን ይረብሻል፣ ራሱም ይረበሻል። ቡና ሲጠራኝ እነግረዋለሁ።

5 ጊጋ ኸርዝ ላይ ባለ 80 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ነው የምፈልገው። ከ36 እስከ 48 አንድ ብሎክ ነው። ከ149 እስከ 161 ሌላ ብሎክ። መሃል ላይ ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ሳጥኑ ራዳር የመሰለ ነገር ከሰማ ቻናሉን ለቅቆ ይሄዳል። ሳሎንና ሰርቪስ በአየር ስለተያያዙ የግድ አንድ ቻናል ላይ መሆን አለባቸው፤ 36 ላይ ተውኳቸው። ስቱዲዮው ኬብል ስላለው ነፃ ነው። 149 ላይ አስቀመጥኩት። አሁን እህቴ ፋይል ስታወርድ የአጎቴ ቴሌቪዥን አይሰማውም።

ብዙ ሰው «አንድ አሮጌ ስልክ ከገባ መረቡ በሙሉ በእሱ ልክ ይወርዳል» ይላል። እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ስልክ በራሱ ፍጥነት ነው የሚነጋገረው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። አየሩን በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንድ ነው፣ ዘገምተኛው ደግሞ ያንኑ ዳታ ለማስተላለፍ ረጅም ሰዓት ይይዛል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርድ ከፊትህ የጫነ ተሳቢ ካለ መኪናህ አዲስ መሆኑ አይጠቅምህም፤ ያው ነው። ዋይፋይ 6 ቻናሉን ቆራርሶ ለብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ማደል ይችላል፤ ግን ስልኮቹም 6 ሲሆኑ ነው። የግቢያችን ስልክ አብዛኛው 4 እና 5 ነው።

እዚህ ላይ ያ አቧራ የጠጣ ራውተር ሥራ አገኘ። ካሜራው፣ ፕሪንተሩና የአጎቴ አሮጌ ታብሌት ሁሉም 2.4 ብቻ የሚያውቁ ናቸው። ለእነሱ የተለየ ስም ያለው ዋይፋይ በእሱ ላይ ከፈትኩ። የማድረጊያው መንገድ ቀላል ነው። መጀመሪያ አድራሻውን መቀየር፤ የፋይበር ሳጥኑ 192.168.1.1 ከሆነ እሱን 192.168.1.3 ማድረግ። ከዚያ አድራሻ የሚያድልበትን ማጥፋት። በመጨረሻ ኬብሉን ኢንተርኔት ተብሎ በተጻፈበት ሳይሆን ከአራቱ የላን ቀዳዳዎች በአንዱ መሰካት። ሳሎን ካለው ሳጥናችን ጋር እንዳይጋጭ ራቅ አድርጌ፣ ካሜራው አጠገብ፣ በኬብል ወሰድኩት። ቀዳዳዎቹ የ100 ሜጋ ቢት ናቸው፤ ለካሜራና ለፕሪንተር ምን ጎደለ?

ይሄ ራውተር ሜሹ ውስጥ አልገባም፣ አይገባምም። ሜሽ ብዙውን ጊዜ የየፋብሪካው የግል ቋንቋ ነው። ዋይፋይ አሊያንስ በ2018 ኢዚሜሽ የሚባል የጋራ ደረጃ አውጥቷል፤ የሚሠራው ግን ሁለቱም ሳጥኖች ሲደግፉት ነው። ነገሩን የሚወዱ ደግሞ ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባል ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ጭነው የተለያየ ፋብሪካ ሳጥኖችን በ802.11ኤስ፣ በሜሹ ደረጃ፣ ያገናኛሉ። የኛው ራውተር ለዚያም አልበቃም፤ 4 ሜጋ ባይት ማከማቻና 32 ሜጋ ባይት ሜሞሪ ነው ያለው፣ የአሁኖቹ የኦፕን ደብልዩአርቲ እትሞች ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ።

ቅዳሜ፦ ስልኮቹ

አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል በሦስቱም ሳጥኖች። ሰው ግቢ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ስልኩ ወደ ቅርቡ እንዲዞር። መቼ እንደሚዞር የሚወስነው ግን ሳጥኑ ሳይሆን ስልኩ ነው። አፕል ባወጣው መረጃ አይፎን ሌላ ሳጥን መፈለግ የሚጀምረው ጉልበቱ ከ-70 ዲቢኤም ሲወርድ ነው። ሌሎች ስልኮች ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ የመጀመሪያውን ሙጭጭ ይላሉ። የአንዱ ተከራይ ስልክ ሰርቪስ ተቀምጦ ከሳሎን አልለቅም አለ። የሳሎኑን 2.4 የማሰራጫ ጉልበት ወደ መካከለኛ ዝቅ ሳደርገው ለቀቀ። ጉልበት መቀነስ ለመረብ ይጠቅማል ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ሰዉ ሁሉ የሚፈልገው መጨመር ነው።

የይለፍ ቃሉ ጥበቃ ሌላው ራስ ምታት ነበር። የዋይፋይ አሊያንስን የዋይፋይ 6 ማረጋገጫ ለማግኘት ደብልዩፒኤ 3 የሚባለውን አዲሱን የጥበቃ ደረጃ መደገፍ ግዴታ ነው፤ የኛዎቹ አዲስ ሳጥኖች ደግሞ በሱ ብቻ ተቀናብረው ነው የመጡት። የአያቴ ስልክ ስሙን ያያል፣ አይገባም። እሱንና የቀድሞውን ደብልዩፒኤ 2 ያደባለቀው አማራጭ ላይ ሳደርገው ገባ፤ የአጎቴ ሁለተኛ ስልክ ግን አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ዋናውን ስም በደብልዩፒኤ 2 ብቻ፣ ኤኢኤስ በሚባለው የመቆለፊያ ስልት፣ አደረግኩት። ፈጣን መዘዋወሪያ የሚሉትን 802.11አርንም አጠፋሁ፤ አሮጌ ስልኮች ሲያዩት ይደናገራሉ። የረዘመ የይለፍ ቃል አደረግን፤ አያቴ እንዳይቸገሩ ግን የሚያውቁት ሐረግ ነው።

የጎረቤት ልጅ «ዋይፋይ 7 ወጥቷል እኮ፣ ለምን እሱን አትገዙም?» አለኝ። ወጥቷል፤ ማረጋገጫው የጀመረው በ2024 መጀመሪያ ነው። ዋና ጥበቡ በአንድ ጊዜ በብዙ ባንድ መገናኘት ነው። ይሄም ሁለቱም ወገን 7 ሲሆኑ ነው የሚሠራው። አንድ 7 ገዝቶ በ4 እና 5 መሃል ማስቀመጥ ውድ ዋይፋይ 6 መግዛት ነው። 6 ጊጋ ኸርዙ ደግሞ ለግድግዳ ከ5ቱም የባሰ ደካማ ነው፤ እኛ ያለን ግድግዳ ብቻ ነው።

እሑድ፦ መብራት

መብራት ሄደ፤ በደህናው ጊዜ ሄደልን፣ ልንሞክር ነበር። ለፋይበር ሳጥኑና ለሳሎኑ ሜሽ 12 ቮልት የሚሰጥ ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ፣ ገዝተናል። ላዩ ላይ 8800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። ይሄ የተለካው በባትሪዎቹ 3.7 ቮልት ስለሆነ በዋት ሰዓት ሲሰላ 32 ተኩል አካባቢ ነው። ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ላይ 14 ዋት ያህል ይወስዳሉ። የሚባክነውን ቀንሶ ሁለት ሰዓት አካባቢ ያቆያል፤ ሙከራውም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ከመሰካት በፊት የእያንዳንዱን ሳጥን ቮልት ማንበብ ግዴታ ነው። አሮጌው ራውተር 9 ቮልት ነው፤ ሶኬቱ ግን በ12ቱ ቀዳዳ ላይ ቁጭ ይላል።

የሰርቪሱና የስቱዲዮው ሳጥኖች ያለ መብራት ስለሚጠፉ ስልኮቹ ሁሉ ወደ ሳሎኑ ይጎርፋሉ። ተከራዮቹ በረንዳ ላይ መጥተው ተቀመጡ። አያቴ ቡና አስቀርበው «ማሻአላህ፣ ይሄ ዕቃ ሰው ይሰበስባል ለካ» አሉ። ለሰርቪሱ ሁለተኛ ዩፒኤስ ልግዛ ብዬ ሳወራ «ተው፣ ምን ይሠራልሃል» ብለው ከለከሉኝ። ለስቱዲዮው ግን እገዛለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፒያሳ ስወጣ 12 ቮልት 1.5 አምፒር የሚሰጥ እፈልጋለሁ።